አሥራ ሁለት ቦታ ያለው ሰሌዳ

ሰኞ፣ የካቲት 9። ነቀምቴ

ሙጫው ዛሬም አልደረቀም። የቢላ ኬላ ሰሌዳ መስኮት ላይ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። በአ/አ መንገድ ላይ ያለው የአኖ ኬላ ሰሌዳ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል። ጣቶቼ እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትቀየሚኝ፣ ደብተሬ።

አዲስ ነሽና ሥራዬን አታውቂውም። የቀድሞዋ አብጠርጥራ ታውቀው ነበር። ባጭሩ፦ በየኬላው ያለ ጠባቂ የመንገደኛን የይለፍ ወረቀት የሚያምነው ማኅተሙን አይቶ ነው። ጽሑፉን የሚያነብ የለም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አስቁሞ ማን ያነባል? ስለዚህ ለየኬላው ሰሌዳ አዘጋጃለሁ። ሰሌዳ ይባል እንጂ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነው። የየቀበሌውንና የየገ/ማኅበሩን ማኅተም ወረቀት ላይ አትሜ፣ ክቡን ይዤ ቆርጬ እለጥፍበታለሁ፤ ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ጠባቂው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል፤ ያመሳክራል። ሰሌዳው ላይ ያለ ያልፋል። የሌለ ይወርዳል።

ክዳኑ የሚይዘው አሥራ ሁለት ነው። አምና ከጣውላ ሰፊ ሰሌዳ አሠርቼ ነበር። በወሩ ብሄድ፣ ዝናብ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ጭንቅላት ላይ፣ ሲያባራ መቀመጫቸው ሥር። እውነታቸውን ነው። ጠመንጃ በአንድ እጅ፣ ወረቀት በሌላው፤ ጣውላውን በምናቸው ይያዙት? ወደ ክዳኔ ተመለስሁ።

ዛሬ ሦስት አዳዲስ ማኅተሞች መጡ። የአዲሶቹ መንደሮች። ይህ መንደር ምሥረታ ጉድ ነው። የአንዱ ቤት ጣሪያ ሳይለብስ ማኅተሙ ቀድሞ ይደርሳል። የሌላው ሰው ቤቱን አፍርሶ፣ ተሸክሞ፣ ተዛውሮ ሲያበቃ ማኅተሙ አ/አ ቀራጭ ዘንድ ተራ ይጠብቃል። እንዲህ ያሉት አዲሱ እስኪደርስላቸው በድሮው ይገልገሉ ተብሏል።

ሦስት ይግቡ ማለት ሦስት ይውጡ ማለት ነው። የትኞቹ? ሁሉም ኮከብና በሬ ያለባቸው፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ። ዘዴዬ ግን ቀላል ናት፤ ለየኬላው፣ በዚያ የሚያልፈውን ሰው ማኅተም ብቻ መስጠት። ጋራ ቢፍቱን ከአኖው አወጣሁ። ሐሮ ጫላንም አወጣሁ። ዲሬ ጃለታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጠርዟ ሸራፋ ናት፣ ከሩቅ አውቃታለሁ። ያደግሁበት ቀዬ። ግን ገበያቸው ቢላ፣ ወፍጮአቸው ቢላ፣ ጠባቸውና እርቃቸው ቢላ። ከዲሬ ጃለታ ተነሥቶ አ/አ የሚሄድ ማን አለ? የቢላው ላይ ትቆይ፣ ከአኖው ትነሣ።

በምላጭ አነሣኋት።  ማኅተም እንጂ አገር አልፋቅህም አልሁት ለራሴ።


ረቡዕ፣ የካቲት 11። ማታ 1 ሰ.

አኖ ደርሼ ተመለስሁ። አቧራ እስከ ጉሮሮዬ። የአኖ ኬላ ጠባቂ አዛውንቱ ኦቦ ቶላሳ እንደ ሁልጊዜው ፊቴን አይተው፣ ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አሮጌውን መለሱልኝ። እሳቸው አባቴ የዚያው ኬላ ጸሐፊ በነበረ ጊዜ የበቅሎ ጭነት ያወርዱ ነበር። አሁን ጠመንጃ ይዘዋል። ጢማቸው ብቻ ነው የተለወጠው።

ሰሌዳ የሚቀየረው በእኔ እጅ ብቻ ነው። ሕጉ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ብልጣ ብልጥ አስናቀ ልኮኝ ነው ብሎ፣ በእኔ ስም፣ የገዛ ማኅተሙን ሊያስለጥፍ ሞከረ። ከዚያ ወዲህ መልእክት አይሠራም፣ ስልክ አይሠራም፣ ደብዳቤ አይሠራም። ሰሌዳው ላይ የሌለ የጠባቂው ወንድም ቢሆንም አያልፍም። ይህን በየኬላው እየዞርሁ ሰብኬአለሁ። ኦቦ ቶላሳ ከሁሉ በላይ አጥብቀው ያዙት።

ማኅተሞቹን በጣታቸው እየነኩ አዩ። ያቺ ሸራፋዋስ? አሉኝ። ወጥታለች አልሁ። ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩኝ። “አንተ ካልህ እሺ” አሉ።  አስተያየታቸው አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም።

አባቴ የሚቀመጥባት ድንጋይ አሁንም አለች። በአባቴ ጊዜ ወረቀት የሚባል ነገር በዚያ ኬላ የሚይዘው ቡና ነጋዴው ብቻ ነበር። ሌላውን ሰው አባቴ በዚያ በጎጃም ምላሱ “ኢልማ ኤኙቲ?” ይለዋል፤ የማን ልጅ ነህ ማለቱ። አነጋገሩ ያስቃቸዋል። መንገደኛው አባቱን ይጠራል። አባቴ አያውቀውም። አያቱን ይጠራል። አያውቀውም። ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን፣ አባቴ የሚያውቀው አንድ ስም እስኪመጣ ድረስ ይቆጠራል። ስሙ ሲመጣ አባቴ ጭኑን መታ አድርጎ “እንዲህ በለኛ!” ይላል፤ በሩ ይከፈታል። እኔ ሰባት ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ ያልሰማሁት የወለጋ ዘር የለም። ያ ጊዜ ናፈቀኝ። ጉቦም ነበረበት፣ በደልም ነበረበት፣ አውቃለሁ። ናፈቀኝ ግን።


ማክሰኞ፣ የካቲት 17። ጠዋት

ሌሊት ካፊያ ጣለ። ጠዋት መስኮት ብከፍት የቡና አበባ ሽታ! ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጓሮዎች ነው የሚመጣው። ቢሮ እስክደርስ በየአጥሩ እየቆምሁ አሸተትሁ። የአርባ ዓመት ሰው፣ በየአጥሩ። ያየኝ አብዷል ይበለኝ።

ይህ ሽታ ዲሬ ጃለታ ነው የሚወስደኝ። ስወለድ እናቴ ታመመች፤ ጡቷ ደረቀ። ቤታችን ቅቤ የምታመላልስ አዴ ጫልቱ የምትባል ሴት ነበረች፤ ገመቹን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። አቅፋኝ ሄደች። ሁለት ዓመት ዲሬ ጃለታ፣ በአንድ ጡት ገመቹ፣ በአንዱ እኔ። ከዚያም በኋላ በየክረምቱ እዚያው ነበርሁ። እናቴን እማዬ፣ እሷን ሃርሜ። ሁለቱም እናት ማለት ነው፤ ሁለት ስም ስላላቸው አይምታቱብኝም ነበር።

ምን ያልናፈቀኝ አለ። ሃርሜ አንጮቴ ቆፍራ፣ ቀቅላ፣ ልጣ፣ ወቅጣ በቅቤና በአዋዜ ስታቀርብልን ገመቹ የኔን ድርሻ በዓይኑ ይበላው ነበር። እሱ ዛፍ ወጥቶ ቀፎ ሲነካካ እኔ ታች ሆኜ ስነደፍ። ሃርሜ ሁለታችንንም በአንድ አርጩሜ፣ እኩል እኩል። አንድም ቀን ይህ የሰው ልጅ ነው ብላ ቀንሳልኝ አታውቅም።

ቤቱ ፈርሷል። ገመቹ ባለፈው ሲነግረኝ፣ ጣሪያውን እንዳለ በትከሻ ተሸክመው ወደ አዲሱ መንደር አወረዱት። ሃርሜ ከኋላ ከኋላ እየሄደች የሚወድቀውን ሣር ስትለቅም ነበር አለ። ቡናው እዚያው ቀረ። ዛሬ ለማንም ሳይሆን አብቦ ይሆናል።


ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ከሥራ መልስ

ክው ብያለሁ።

ቀትር ላይ ገመቹ ቢሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታው ቀዝቃዛ። ያ ሰው እኔን ሲያይ ከሩቅ የሚጮኽ ነው። ሻይ ቤት ወሰድሁት፤ ሻዩን አልነካም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃርሜ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ይህን አውቅ ነበር። ቀኙም እየሄደ መሆኑን አላወቅሁም። ደብቃኛለች፤ ሥራ ይበዛበታል ብላ። እዚህ ነቀምቴ ያለችው ነርስ አይታ ለአ/አ የዓይን ሐኪም ጻፈችላት። ሐኪሙ ለየካቲት 30 ተራ ሰጥቷታል። ነርሷ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ተራ ካለፈ ሌላው የሚገኘው ከክረምት ወዲያ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም።

ዘመድ ዘንድ ሊያርፉ ቀደም ብለው ተነሡ። ረቡዕ ዋናው መንገድ ላይ አውቶቡስ ይዘው አኖ ደረሱ። ኦቦ ቶላሳ ወረቀታቸውን ከሰሌዳው ጋር አመሳከሩ። የለም። ገመቹ ለመነ። ታውቁን የለም ወይ አላቸው። ያውቃሉ እንጂ! ሃርሜን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋታል። የኔ የጡት እናት መሆኗንም ያውቃሉ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ገመቹ የነገረኝን ቃል በቃል ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ። ኦቦ ቶላሳ ያሉት፦ “ልጇ በገዛ እጁ አውጥቶ ያመጣትን እኔ ቶላሳ ምን ብዬ አስገባለሁ? ጠይቄዋለሁ። ወጥታለች አለኝ። አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።”

ሌላ ሰው ያወጣው ቢሆን ኖሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሳልፏት ነበር። እኔ ስለሆንሁ ነው። ልጅ እናቱን ያለ ምክንያት አያወጣም ብለው ነው። ሰሌዳውን ሳስረክባቸው ያዩኝ አስተያየት አሁን ገባኝ።

ሃርሜስ ምን አለች አልሁት። አንድ ጊዜ “አስናቀ አወጣኝ?” ብላ ጠየቀች። 

ገመቹ ቢገላምጠኝ ይሻለኝ ነበር። ምክንያትህ ምን ነበር ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ቦታ ስለጠበበ ነው አልሁት። ክዳኑ የሚይዘው አሥራ ሁለት ስለሆነ።  ጆሮዬ የገዛ ቃሌን ሲሰማው እኔንም አሳፈረኝ።


ሰኞ፣ የካቲት 23።

ጓድ ግርማ ዘንድ ገባሁ። የጽ/ቤታችን ኃላፊ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እርሳሱን ሁልጊዜ እኩል እኩል ቀርጾ ይደረድራል። ነገርን ሁሉ እንደ እርሳሱ ነው የሚፈልገው።

ጽ/ቤቱ በራሱ ማኅተም ለአዴ ጫልቱ ይለፍ ይስጥ አልሁ። አይሆንም። የጽ/ቤቱ ማኅተም ለሠራተኛ ነው፤ ዛሬ ለአንዲት እናት ከመታሁ ነገ አገር በሙሉ ደጄ ላይ ይሰለፋል አለ። እውነቱን ነው፣ ይሰለፋል። የአዲሱ መንደር ማኅተም ይፋጠን አልሁ። ቀራጩ ዘንድ ነው፣ ከፋሲካ በፊት አትጠብቅ አለ። እንግዲያው ዲሬ ጃለታን አኖ ሰሌዳ ላይ ልመልስ አልሁ። ያን ለምን ትጠይቀኛለህ? የሰሌዳው ባለሙያ አንተ። ሦስቱ አዲሶች እንዳይጎድሉ፣ ከአሥራ ሁለት እንዳይበልጥ፣ ሌላውን አንተ ታውቃለህ አለ። እርሳሱን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስወጣ ቀለል አለኝ። አንዱን አንሥቼ እሷን መመለስ፣ በቃ። ከሦስት ቀን ፈቃድ ጋር ወጣሁ፤ ገመቹ የአዲሱ መንደር ቤት ግንባታ ዘመቻ ላይ ስላለ ሁለተኛ አይፈቅዱለትም፣ እኔው አ/አ አደርሳታለሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከነማኅተሙ ዘመቻ ወጥቷል፣ ማኅተሙ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የይለፍ ወረቀቴ የጽ/ቤታችን ሆነ።


ሐሙስ፣ የካቲት 26። አመሻሽ

ሃርሜ እዚህ ናት። ገመቹ አምጥቶ፣ አስቀምጦ፣ በቆመበት ተመለሰ። አልጋዬን ለቀቅሁላት። “አካም ቡልቴ”፣ እንዴት አደርሽ ስላት “ነጋ”፣ ደኅና ብቻ አለችኝ፤ እንደ እንግዳ። የቤቴን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች ዞረች። አንጮቴ ገዝቼ ልቀቅል ሞከርሁ፤ ውስጡ ጥሬ ሆነ። በላችው። ጥሬ ነው አላለችኝም። ዱሮ ቢሆን ሰፈሩ እስኪሰማ ነበር የምትስቅብኝ። 

ነገሩን ላስረዳት ሞከርሁ። አኖ ያለውን ሰሌዳ አስመስዬ ለራሴ ያስቀረሁትን ክዳን እጇ ላይ አስቀመጥሁላት፤ ክቦቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ይህ ማነው አለች። አዲስ መንደር ነው አልኋት። ይሄስ? አኖ ነው። ይሄስ? ሁሉንም ጠየቀች። ለየአንዱ የማውቀውን ሰው ነገርኋት። ስጨርስ “ሁሉም ሰው አለውኣ” አለች። አዎ አልሁ። ክዳኑን መለሰችልኝ።

እንግዲህ ከእነዚህ የቱን ላንሣ? እጄ እምቢ አለኝ። ሰኞ ቀላል መስሎኝ ነበር። ይህኛው የማውቀው አንድ መምህር እናት የምትኖርበት። ያኛው በየሳምንቱ አ/አ ማር የሚያወጡት። ደግሞ እኮ የተነሡት ሦስት ናቸው፤ ዲሬ ጃለታ እናቴ ስላለችበት ጮኸልኝ። ጋራ ቢፍቱና ሐሮ ጫላ ማን ይጮኽላቸው?

ክዳኑን እያገላበጥሁ ሳለሁ መሐል ላይ ያለው ትልቁ ክብ ዓይኔን ሞላው። የገዛ ጽ/ቤታችን። ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ሰፊ ነው፣ የሁለት ቦታ ይበላል። ሰሌዳ ስሠራ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን ለጥፌ፣ ከዚያ ሌላውን በዙሪያው። አንድም ቀን ለምን ብዬ አላውቅም። በዚህ ማኅተም አኖን የሚያልፍ ማነው? ጓድ ግርማና ሹሞቹ በጽ/ቤቱ መኪና ይሄዳሉ፤ መኪናው ገና ሲታይ ኬላው ይከፈታል። በአውቶቡስ የሚሄድ የጽ/ቤት ሰው ከእኔ በቀር ማን አለ?

ከእኔ በቀር።


ዓርብ፣ የካቲት 27።

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ አልተቀመጥሁም።  የመንግሥትን ማኅተም ከመንግሥት ሰሌዳ ላይ መፋቅ! ተንኮለኛ ጆሮ ቢሰማው ምን ስም እንደሚያወጣለት መገመት አያቅትሽም። በዚህ ጊዜ ሰው ስንት ነገር ሳያደርግ ስንት ነገር ተብሏል።

ደግሞ እላለሁ፦ ጓድ ግርማ ሦስቱ አዲሶች አይጉደሉ አለ፤ አልጎደሉም። ከአሥራ ሁለት አይብለጥ አለ፤ አልበለጠም። የጽ/ቤቱ ይኑር አላለም።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ክዳን ላይ ለጠፍሁት። የጽ/ቤቱን ቦታ ለሁለት ከፍዬ ዲሬ ጃለታንና ጋራ ቢፍቱን መለስሁ። ለሐሮ ጫላ ቦታ አልተረፈም። ክቡን በጥርሴ ይዤ ብዙ አየሁት፣ የትም አይገባም።

የራሴስ ነገር? ኦቦ ቶላሳ በአባቴ በር ያደጉ ሰው ናቸው። ፊቴን አይተው ያሳልፉኛል። ያሳልፉኛል ብዬ ነው የምተኛው። የፈራሁት ግን እዚያ ላይ አይደለም፤ ሃርሜ ብቻዋን አ/አ ገብታ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል፣ በማያይ ዓይኗ። ባያሳልፉኝስ?


ቅዳሜ፣ የካቲት 28። አኖ፣ ከኬላው አጠገብ

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍልሽ። አቧራ ከመሆንሽ በፊት ልጨርሰው።

በጎሕ ተሳፈርን። ሃርሜ መስኮት አጠገብ፣ እኔ አጠገቧ፣ ክዳኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ። ከወዲያ በኩል አዋላጅ ነርስ ነኝ ያለች የነቀምቴ ሴት ተቀምጣለች፤ እስከ አ/አ ትሄዳለች። ከሃርሜ ጋር በኦሮምኛ ጨዋታ ጀመሩ። እኔን ግን ሃርሜ ምንም አልጠየቀችኝም፤ አሁንም እንግዳ ነኝ። በመንገድ ግራና ቀኝ ያለውን ለልጅነቴ ስል ተመለከትሁት። ያ የገመቹና የኔ መሻገሪያ ወንዝ ላይ አሁን ድልድይ አለ። ዱሮ ሃርሜ ልብሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ አንዳችንን በጀርባ አንዳችንን በክንድ። ልነግራት ፈለግሁ፣ ተውሁት።

አኖ ደረስን። መጀመሪያ እኔ ወረድሁ። ኦቦ ቶላሳ ፊቴን አዩ፤ ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አሮጌውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። ሸራፋዋን ወዲያው አገኟት። ትልቁስ የት ሄደ አሉኝ። ወጥቷል አልሁ። በዚህ ጊዜ ረጅም አላዩኝም። ከጢማቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሣቅ ይሁን ሌላ አላውቅም። ወደ አውቶቡሱ ገቡ።

ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥሁ። ሃርሜ ወረቀቷን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች። ኦቦ ቶላሳ አመሳከሩ። ጣታቸውን ሸራፋዋ ላይ አሳረፉ። “አዴ ጫልቱ፣ ዳርቢ፣ እለፊ” አሏት። ወረቀቱን አጣጥፈው ራሳቸው መቀነቷ ውስጥ ከተቱላት።  የዓይኗ ነገር አሁን የሐኪሙና የእግዜር ነው።

ከእኛ ኋላ አንድ ጆንያ የያዘ ገበሬ ነበር። ወረቀቱን ሰጠ። ኦቦ ቶላሳ ሰሌዳውን በጣታቸው አንድ ጊዜ ዞሩት፣ ሁለተኛ ዞሩት። የለም አሉት። ሐሮ ጫላ ነው። ሰውዬው አንድ ቃል አልተከራከረም። ጆንያውን ወደ ትከሻው አነሣ፣ ይቅርታ እያለ በሰው መሐል አልፎ ወረደ። እንዲህ ዓይነት መውረድ የለመደ ሰው አወራረድ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። ትልቁ ክብ ማኅተም፣ ጥርት ብሎ የተመታ። ሰሌዳውን እንኳ ቀና አላደረጉም። “አንተን አላውቅህም እንዴ? ተቀመጥ” አሉኝ ቀስ ብለው። ተቀመጥ ነው ያሉኝ። ሕዝቡ አልሰማም። ሹፌሩ ሞተር አሞቀ።

በመስኮቱ ያ የሐሮ ጫላ ሰው ይታየኛል፤ ጆንያውን አስቀምጦ በአባቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። እሱን ማን ነው ያወረደው? ኦቦ ቶላሳ አይደሉም። እኔ ፊቴ ታይቶ ካለፍሁ፣ ሃርሜ ባለፈው በምን ሥርዓት ተመለሰች? ኦቦ ቶላሳስ ነገ የሚቀጥለውን ሰው ምን ብለው ያወርዱታል?

ተነሣሁ። ነርሷን ለመንኋት፤ ሃርሜን አ/አ አውቶቡስ ተራ ለሚጠብቃት ዘመዷ እጅ በእጅ እንድታስረክብልኝ። ሳልጨርስ እሺ አለችኝ፤ ወንበሬን ወሰደች፤ የሃርሜን ክንድ በክንዷ ቆለፈች። ወረድሁ።

በመስኮቱ በኩል ስሟን ጠራሁ። ድምፄ ከታች ሲመጣባት ግራ ገባት፤ እጇን አውጥታ አየሩን ፈለገች። ያዝሁት። ወረቀቴ ሰሌዳው ላይ እንደሌለ፣ ወርጄ እንደቀረሁ ነገርኋት።

“አንተንስ ማን አወጣህ?” አለችኝ።

“እኔው ነኝ፣ ሃርሜ።”

 ሣቀች። ያ የዱሮ ሣቋ፣ ትከሻዋን የሚነቀንቀው፤ ነርሷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሣቀች። “ኢልማ ኮ” አለችኝ፣ ልጄ። እጄን ሁለት ጊዜ ጨመቀችው። አውቶቡሱ ሄደ።

አለቀስሁ፣ ለአንቺ ምን እደብቃለሁ። ከሐሮ ጫላው ሰው ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ። ከጆንያው ሸንኮራ መዘዘና ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ። የት ልትሄድ ነበር አልሁት። ወንድሙ አ/አ ታሞ ተኝቷል። ነገ ነቀምቴ ሰፋ ያለ ክዳን አግኝቼ፣ ክቦቹን አጠጋግቼ፣ አንድ ተጨማሪ ክብ የማስገባበት መላ ካለ እፈልጋለሁ አልሁት። ስለ ምን እንደማወራ አልገባውም። ራሱን ነቀነቀልኝ።

ኦቦ ቶላሳ ወደ ነቀምቴ የሚመለስ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ አለ ይላሉ። ሰኞ ሥራ እገባለሁ፤ ፈቃዴን እተወዋለሁ። ጓድ ግርማ ሳይጠይቀኝ እኔው ገብቼ እነግረዋለሁ፦ አዴ ጫልቱ ታክማ በዚህ ኬላ እስክትመለስ ድረስ ማኅተማችን ከሰሌዳው ውጭ ይቆያል፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።